ብቻዬን ነው የምሠራው፤ ስሕተቴን ማን ይሸከምልኛል?
(የአንባብያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ)

በዚህ እትም በግላቸው ከሚሠሩ አንባብያን የደረሱንን ደብዳቤዎች ለብቻ አውጥተናል። ሥራቸው የተለያየ ነው፤ ስጋታቸው ግን ተመሳሳይ ነው፦ የአንድ ቀን ስሕተት የዓመታት ልፋትን ይዞ እንዳይሄድ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ከመልሶቻችን በፊት አንድ ነገር እንበል። የመድን ውል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ፣ ማመልከቻው በችኮላ ሲሞላ ነው። ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ እዚህ የምንጽፈው ውሎቹ በአብዛኛው የሚሠሩበትን መንገድ ነው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ግን በእጅዎ ያለው ውል ነው። በስሌቶቹ ውስጥ የገንዘቡን ዓይነት ትተን ቁጥሩን ብቻ ወስደናል።

የሰው ቤት ቢቃጠልብኝስ?

ጥያቄ፦ በየሰው ቤት እየሄድኩ የኤሌክትሪክ መስመር እዘረጋለሁ፣ እጠግናለሁ። ለመሣሪያዎቼ የእሳትና የስርቆት ኢንሹራንስ አለኝ። እኔ በሠራሁት መስመር ምክንያት የደንበኛዬ ቤት ቢቃጠል ይኸው ኢንሹራንስ ይከፍልልኛል?
የኤሌክትሪክ ሠራተኛ

መልስ፦ አይከፍልም። እርስዎ የገቡት የንብረት መድን ነው፤ የሚክሰውም የራስዎን ዕቃ ብቻ ነው። በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ላደረሱት ጉዳት በሕግ ሲጠየቁ የሚከፍለው የኃላፊነት መድን ነው። በተለምዶ «የሦስተኛ ወገን» ይባላል። አንደኛው ወገን እርስዎ፣ ሁለተኛው መድን ሰጪው፣ ሦስተኛው ጉዳት የደረሰበት ሰው ነው።

በራስዎ ስም የሚሠሩ ከሆነ በሕግ ፊት እርስዎና ሥራዎ አትለያዩም። ካሳ ቢፈረድብዎ ገንዘቡ ከሥራው ሒሳብ ብቻ አይፈለግም፤ ቁጠባዎ፣ መኪናዎ፣ በብዙ አገሮችም መኖሪያ ቤትዎ ሳይቀር ለዕዳው ሊያዝ ይችላል። ለእርስዎ ሥራ ከመሣሪያዎቹ መድን በፊት የኃላፊነት መድኑ ይቀድም ነበር። የጠፋ መሰርሰሪያ ሠርተው ይተኩታል፤ የተቃጠለ ቤት ግን በአንድ ሰው ገቢ አይተካም።

ውሉን ሲገዙ የሚከተሉትን አጥብቀው ይጠይቁ። አንደኛ፣ ተሠርቶ የተረከበ ሥራን ይሸፍናል ወይ? አንዳንድ ርካሽ ውሎች የሚሸፍኑት እርስዎ በሥራ ቦታው ላይ እያሉ የሚደርሰውን ጉዳት ብቻ ነው። በደንብ ያልጠበቀ የሽቦ መጋጠሚያ ደግሞ የሚግለው ወዲያው አይደለም፤ ምድጃ፣ ማሞቂያና ሌላም ከባድ ዕቃ በአንድ ላይ ሲሠራ፣ ከወራት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ እርስዎ ሌላ ቤት ውስጥ ነዎት፤ ሽፋኑ ግን አብሮዎት መዝለቅ አለበት። ሁለተኛ፣ የጠበቃና የክርክር ወጪ ከሽፋኑ ጣሪያ (መድን ሰጪው ቢበዛ ከሚከፍለው ገንዘብ) ውስጥ ይቀነሳል ወይስ ከጣሪያው በላይ ይከፈላል? ጣሪያው 500,000 ሆኖ ለክርክር 150,000 ቢወጣና ወጪው ከውስጥ የሚቀነስ ቢሆን፣ ለተጎጂው የሚቀረው 350,000 ነው፤ ፍርዱ ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱ የእርስዎ ዕዳ ነው። ሦስተኛ፣ ጣሪያው ለአንድ አደጋ ነው ወይስ ለዓመቱ በጠቅላላ?

የማይሸፈነውንም ይወቁ። ያበላሹትን ሥራ እንደገና ለመሥራት የሚወጣውን ገንዘብ መድን አይከፍልም። በተሳሳተ መንገድ ያገናኙት የብሬከር ሳጥን ተቃጥሎ ግድግዳውንና ዕቃውን ቢያጠፋ፣ ግድግዳውና ዕቃው ይካሳሉ፤ የሳጥኑ ጥገና የእርስዎ ነው። ለጥገና ወደ ቤትዎ የወሰዱት የደንበኛ ዕቃም በብዙ ውሎች ከሽፋን ውጭ ነው፤ በእጅዎ ላለ የሰው ንብረት የሚሆን ተጨማሪ አባሪ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ብየዳ ወይም በእሳት የሚሠራ ሌላ ሥራ የሚነካዎት ከሆነ ውሉ ውስጥ «የሙቀት ሥራ ቅድመ ሁኔታ» መኖሩን ይመልከቱ። ብዙውን ጊዜ የሚቀጣጠል ነገር ከአካባቢው እንዲርቅ ወይም በማይቃጠል ነገር እንዲሸፈን፣ የእሳት ማጥፊያ በቅርብ እንዲኖር፣ ሥራው ካበቃ በኋላም ለ30 ወይም ለ60 ደቂቃ ቦታው እንዲጠበቅ ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጣውላ ውስጥ ወይም ጣሪያ ሥር የገባ ፍንጣሪ ሳይታይ ለረጅም ጊዜ ሊጨስ ይችላል። ሠራተኛው መሣሪያውን ሰብስቦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሄደ፣ ቃጠሎው ሲነሳ መድን ሰጪው ይህን ቅድመ ሁኔታ ጠቅሶ ካሳ ሊከለክል ይችላል።

ከቤት የሚሠራ ምርት

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ ሳሙናና የገላ ቅባት እየሠራሁ እሸጣለሁ። የቤት ኢንሹራንስ አለኝ። አይበቃኝም?
ሳሙና ሠሪ

መልስ፦ አይበቃም፤ እንዲያውም ራሱን የቤቱን መድን አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል። የቤት መድን አረቦኑ፣ ማለትም ለመድን ሰጪው የሚከፍሉት ዋጋ፣ የተሰላው ለመኖሪያ ነው። ለሳሙና የሚያስፈልገው ኮስቲክ ሶዳና የሚሞቅ ዘይት ቤቱ ውስጥ እንዳለ መድን ሰጪው ካላወቀ፣ ወጥ ቤቱ ሲቃጠል «ያልተነገረኝ ሥራ» ብሎ ይከራከራል። በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ትንሽ ሥራ ከሆነ ጥቂት አረቦን ጨምሮ የሚቀበል ብዙ ነው።

ከዚያ በላይ የሚያስፈልግዎ የምርት ኃላፊነት መድን ነው። የሸጡት ቅባት ቆዳ ቢያቃጥል የሚጠይቅዎ ከእርስዎ የገዛው ሰው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 በብሪታንያ የጌቶች ምክር ቤት (በዘመኑ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ) የተወሰነው የዶኖህዩና የስቲቨንሰን ክርክር የተነሳው ጓደኛዋ የገዛችላትን መጠጥ በጠጣች ሴት ነበር። ሴትዮዋ ከጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ ከሰሰች። ከአምራቹ ጋር የገባችው ውል ባይኖርም አምራች ለመጨረሻው ተጠቃሚ ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ተባለ። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕጉ በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

መድኑ እንዲሠራልዎ መዝገብ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ሳሙና የምድብ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የተሠሩት ሁሉ የሚጋሩት ቁጥር፣ ይስጡ፤ የተሠራበትን ቀን፣ የእያንዳንዱን ግብዓት ክብደትና የተገዛበትን ቦታ ይጻፉ፤ ከየምድቡ አንድ ናሙና ለይተው ያስቀምጡ። በሳሙና ላይ የተለመደው ችግር የሶዳው መጠን ከዘይቱ ጋር ሳይመጣጠን መቅረቱ ነው፤ ያልተዋሐደው ሶዳ ቆዳ ያቃጥላል። ቅሬታ ሲመጣ ስንት ሳሙና እንደሚነካ በቁጥሩ ያውቃሉ። ቁጥር ከሌለ ግን የሸጡት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የተሸጠን ዕቃ መልሶ የመሰብሰቢያ ወጪ በተለመደው የምርት ኃላፊነት ውል ውስጥ አይገባም፤ ለብቻው የሚገዛ ነው።

በወረቀት ብቻ የሚሠራ ሰው ማንን ይጎዳል?

ጥያቄ፦ ለትናንሽ ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ፣ ግብር አሰላለሁ። መሰላል አልወጣ፣ ብየዳ አልበይድ። የኃላፊነት መድን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ደግሞስ ካቋረጥኩት በኋላ ስለ ድሮው ሥራዬ ይሸፍነኛል?
የሒሳብ ባለሙያ

መልስ፦ የሁለተኛው ጥያቄዎ መልስ ብዙ ባለሙያዎችን ያስደነግጣል፤ በአብዛኛው አይሸፍንዎትም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመከርነው መድን የሚሸፍነው የአካልና የንብረት ጉዳትን ነው። እርስዎ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ግብር የሚከፈልበት ቀን ያልፍና ደንበኛው ይቀጣል፣ አንድ ቁጥር ይሳሳትና ባንክ ብድር ይከለክለዋል። እንዲህ ያለውን የሚሸፍነው የሙያ ኃላፊነት መድን ነው። ለሒሳብ ባለሙያ፣ ለአማካሪ፣ ለንድፍ ሠሪ፣ ለተርጓሚ፣ ለሶፍትዌር ሠሪ የሚሆነው ይኸው ነው።

አሠራሩ ከሌሎቹ ይለያል። የተለመደው የሦስተኛ ወገን መድን «ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ» ላይ ይመሠረታል፤ ጉዳቱ የደረሰው ውሉ ጸንቶ እያለ ከሆነ፣ ተጎጂው ከዓመታት በኋላ ቢመጣም ያ የድሮው ውል ይከፍላል። የሙያ ኃላፊነት መድን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረተው «ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ» ላይ ነው። የሚከፍለው የካሳ ጥያቄው የመጣበት ቀን ላይ ጸንቶ ያለው ውል ነው።

በምሳሌ እንየው። በአንደኛው ዓመት መድን ነበርዎት፤ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሲሠሩ ተሳሳቱ። በሁለተኛው ዓመት አረቦኑ በዛብኝ ብለው አቋረጡ። በአራተኛው ዓመት ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ስሕተቱን አግኝቶ ደንበኛዎን ቀጣ፤ ደንበኛዎም ወደ እርስዎ መጣ። የአንደኛው ዓመት ውል «ጥያቄው በእኔ ዘመን አልቀረበም» ይላል። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ውል የለም። ስሕተቱ በተሠራ ጊዜ አረቦን ከፍለው ነበር፤ ያም ሆኖ የሚከፍልልዎት የለም።

ስለዚህ እነዚህን ይጠብቁ፦

«ወደኋላ የሚቆጠርበት ቀን» የሚለውን መስመር ውሉ ላይ ይፈልጉ። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ሥራ አይሸፈንም። መድን ሰጪ ሲቀይሩ አዲሱ ያንኑ የድሮ ቀን እንዲጽፍልዎት ያድርጉ። በርካሽ አረቦን የሚመጣው አዲስ ውል ቀኑን ዛሬ ላይ ይጽፈውና ያለፉት ዓመታት ሥራዎችዎ ሁሉ ያለ ሽፋን ይቀራሉ። ባለሙያ ሲያቀያይር በብዛት የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው።

ሥራ ሲያቆሙ ወይም ጡረታ ሲወጡ የድኅረ ሥራ ሽፋን (ካቆሙ በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ የሚሆን) ይግዙ። ርዝመቱ በአገሩ የይርጋ ዘመን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ በሚቻልበት ጊዜ፣ ይወሰናል፤ በአንዳንድ ሙያዎች 6 ዓመት የተለመደ ነው።

ቅሬታ ሲሸትዎ ወዲያው ያሳውቁ። ውሎቹ «ወደ ካሳ ጥያቄ ሊያመራ የሚችል ሁኔታ» እንዲነገራቸው ይጠይቃሉ። ደንበኛው «በእናንተ ስሕተት ተቀጣሁ» የሚል መልእክት ከላከ ሁኔታው ተፈጥሯል፤ ክስ እስኪመጣ አይጠበቅም። በጊዜው ያሳወቁት ሁኔታ ከዓመታት በኋላ ክስ ቢሆንም ባሳወቁበት ዓመት ውል ሥር ይያዛል። ብዙ ሰው ግን አረቦኑ እንዳይጨምርበት ይደብቀዋል፤ ዕድሳት ሲመጣም ቅጹ ላይ «የማውቀው ቅሬታ የለም» ብሎ ይፈርማል። በዚህ ፊርማ የአሮጌውንም የአዲሱንም ውል ሽፋን ሊያጣ ይችላል።

ለየሥራውም የጽሑፍ ስምምነት ይኑርዎት፤ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደማይሠሩ፣ ደንበኛው የትኛውን ሰነድ እስከ የትኛው ቀን እንደሚያቀርብ። ክርክር ሲነሳ ከመድኑ በፊት የሚያድንዎ ይህ ወረቀት ነው። የደንበኞች ሰነድ ከኮምፒውተርዎ ቢሰረቅ ግን ብዙ የሙያ ኃላፊነት ውሎች ሙሉውን ወጪ አይሸፍኑም፤ የሳይበር ሽፋን ለብቻው ይጠይቁ።

ማኅበር ካቋቋምኩ መድን ለምን?

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ «ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አቋቁም፣ ከዚያ ማንም ቤትህን አይነካም» ይሉኛል። እውነት ነው?
የጽዳት ሥራ ባለቤት

መልስ፦ በከፊል። ማኅበር በሕግ ፊት ከባለቤቱ የተለየ ሰው ነው የሚለው መርህ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1897 በእንግሊዝ፣ አሮን ሳሎሞን በተባለ የቆዳ ጫማ ሠሪ ጉዳይ ነው፤ ኩባንያው ሲከስር ዕዳው የእርሱ የግል ዕዳ አይደለም ተባለ። ለንግድ ዕዳ ይህ ትልቅ ከለላ ነው።

ሆኖም ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከለላው ሦስት ቀዳዳ አለው። በገዛ እጅዎ ባጠፉት ጥፋት፣ ለምሳሌ ወለሉን አርጥበው ማስጠንቀቂያ ሳያቆሙ ሰው ቢወድቅ፣ በብዙ አገሮች ማኅበሩም እርስዎም ትጠየቃላችሁ። ባንኮችና አከራዮች የግል ዋስትና ያስፈርማሉ፤ ሲፈርሙ ያንን ከለላ በራስዎ እጅ አነሱት ማለት ነው። የማኅበሩንና የቤትዎን ገንዘብ በአንድ ሒሳብ ከቀላቀሉም ፍርድ ቤት ልዩነቱን ሊያፈርሰው ይችላል። ማኅበሩን ያቋቁሙ፤ መድኑንም በማኅበሩ ስም ይግቡ። በግል ስምዎ የነበረው የድሮ ውል ወደ ማኅበሩ በራሱ አይዛወርም፤ ስሙ ሳይቀየር ቀርቶ ካሳ የተከለከለ ጥቂት አይደለም።

የተቃጠለው 200,000፣ የተከፈለኝ 100,000

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ቤቴ በከፊል ተቃጥሎ 200,000 የሚያወጣ ማሽንና እንጨት ጠፋብኝ። የመድን ገንዘቤ 600,000 ነው፤ ከጉዳቱ በጣም ይበልጣል። የተከፈለኝ ግን 100,000 ብቻ ነው። ተበድያለሁ?
አናጺ

መልስ፦ ስለደረሰብዎ ጉዳት እናዝናለን። በላኩልን የጉዳት ገማቹ ሪፖርት ላይ በቤቱ ውስጥ የነበረው ንብረት በሙሉ 1,000,000 ተገምቷል፤ ኤክሰሱ፣ ማለትም ከየጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚሸከሙት፣ ደግሞ 20,000 ነው። ስሌቱ እንዲህ ሄዷል፤ ከ1,000,000 ውስጥ መድን የገባው 600,000፣ ማለትም 60 በመቶው ነው። ስለዚህ ከ200,000 ጉዳት 60 በመቶው 120,000፤ ከዚያ 20,000 ኤክሰስ ሲቀነስ 100,000። ውሉ ውስጥ እንዲህ መድን በተገባበት መቶኛ ልክ ብቻ የሚክስ የተመጣጣኝነት ደንብ ካለ ስሌቱ ትክክል ነው። ሊከራከሩ የሚችሉት በ1,000,000ው ግምት ላይ ነው። ገማቹ ያረጁ ማሽኖችን በአዲስ ዋጋ ቆጥሮ ከሆነና ውልዎ ደግሞ እርጅና ተቀንሶ የሚክስ ከሆነ፣ ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ ግምቱ እንዲስተካከል በጽሑፍ ይጠይቁ። ግምቱ 800,000 ቢሆን ድርሻዎ 75 በመቶ ይሆንና 150,000 ከዚያም ኤክሰሱ ተቀንሶ 130,000 ይደርስዎታል። ስለዚህ መጠየቁ ያዋጣል።

ደንቡ ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው። አብዛኛው ቃጠሎ ከፊል ነው። ሁሉም ሰው ግማሹን ብቻ መድን እየገባ ከፊል ጉዳቱን ሙሉ ቢካስ፣ ሙሉ አረቦን የከፈለው የሌላውን ይሸከማል። አንዳንድ ውሎች ከሙሉው ዋጋ 80 በመቶው መድን ከተገባበት ቅነሳውን አያደርጉም፤ ይህን ይጠይቁ።

ለቀጣዩ ዕድሳት የመድን ገንዘቡን እንዲህ ያስሉ። ከበሩ ጀምረው እያንዳንዱን ማሽን፣ የእጅ መሣሪያ፣ መደርደሪያ፣ የተሠራና ያልተሠራ እንጨት ይዘርዝሩ፤ በስልክዎም ቪዲዮ ያንሱት። የገዙበትን ዋጋ ሳይሆን ዛሬ አዲስ ሲገዛ የሚያወጣውን፣ ከማጓጓዣው፣ ከቀረጡና ከመትከያው ጋር ይጻፉ። ክምችትዎን በአማካዩ አይቁጠሩ። በወትሮው 150,000 የሚያወጣ እንጨት ይኖርና ሥራ በሚበዛበት ወር 400,000 ይደርስ ይሆናል፤ እሳቱ ወር አይመርጥምና ትልቁን ይያዙ። ደንበኛ ያመጣው እንጨትና ለእድሳት የተወልዎት የቤት ዕቃ «በአደራ የተያዘ ንብረት» ተብሎ ለብቻው ይጻፍ። ዝርዝሩን ከሥራ ቤቱ ውጭ ያስቀምጡ፤ አብሮ የተቃጠለ ዝርዝር ለማንም አይጠቅምም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያለፉት አንድ ነገር ግን አሳስቦናል። እሳቱ የተነሳው ከጥግ ከተከመረ ጨርቅ እንደሆነ ጽፈዋል። እንጨት የሚቀባበት የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተዘረጋ ሙቀቱ ይበተናል፤ ከተከመረ ግን መሀሉ እየጋለ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ውጭ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ አለዚያም ውኃ ባለበት ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። የመድን ማመልከቻው ቫርኒሽ፣ ቲነርና ዘይት እንደሚጠቀሙ የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ መጋዝ ብቻ ነበር፣ ቀለም መርጨት የጀመሩት በኋላ ከሆነ፣ ዕድሳቱን ሳይጠብቁ ያሳውቁ።

ማሽኑ ተተክቶ እስኪመጣ የሚያጡት ገቢስ? ለእሱ የሥራ መቋረጥ መድን አለ። የሚከፍለው የጠፋውን ትርፍና ሥራው ቆሞም የሚቀጥሉትን ወጪዎች፣ ኪራይና ደመወዝን፣ ነው። የካሳ ጊዜውን፣ ማለትም መድኑ ገቢዎን የሚተካበትን ርዝመት፣ ሲመርጡ አይሰስቱ። ማሽን አዝዞ እስኪገባ 4 ወር፣ ቤቱ እስኪጠገን ሌላ ጥቂት ወር፣ ደንበኛው እስኪመለስ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ይሄዳል። 6 ወር ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ 12 ወር ዝቅተኛው ይሁን እንላለን።

የሚያግዘኝ የወንድሜ ልጅ

ጥያቄ፦ ሥራ ሲበዛ የወንድሜ ልጅ ያግዘኛል፣ በቀን እከፍለዋለሁ። ቢወድቅ የሦስተኛ ወገን መድኔ ይሸፍነዋል?
ቀለም ቀቢ

መልስ፦ አይሸፍነውም። በሦስተኛ ወገን ውል ውስጥ ሠራተኛ ሦስተኛ ወገን አይደለም፤ ከእርስዎ ወገን ነው የሚቆጠረው። ዘመድ መሆኑ፣ ደመወዙ በቀን መሆኑ፣ ውል አለመፈረሙ ይህን አይለውጠውም። የሚያስፈልገው የሠራተኞች ካሳ መድን ነው፤ በብዙ አገሮች አንድ ሠራተኛ ካለ ግዴታ ነው። አረቦኑ የሚሰላው በዓመቱ በሚከፍሉት የደመወዝ ድምር ስለሆነ የቀን ክፍያውን በደረሰኝ ይመዝግቡ። ከፍታም ይጠይቁ፤ ውልዎ «ከ10 ሜትር በላይ አይሸፈንም» የሚል ገደብ ካለው ከዚያ በላይ የሚሠራ ሥራ አይቀበሉ።

ከሥራው ከፊሉን ለሌላ ባለሙያ ሲሰጡ የእርሱን የመድን ምስክር ወረቀት ቅጂ ይውሰዱ፤ የሚያበቃበትን ቀን አይተው ያስቀምጡ። እርሱ ከሌለው ደንበኛው የሚያውቀው እርስዎን ነው።

«ለማንኛውም ጉዳት ተጠያቂ ነኝ» ብዬ ልፈርም?

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ድርጅት ሥራ ሊሰጠኝ ነው። ውሉ «በማንኛውም ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ተቋራጩ ይክሳል» ይላል። ኢንሹራንስ ስላለኝ ልፈርም?
የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኝ

መልስ፦ እንዳለ አይፈርሙት። የኃላፊነት መድን የሚከፍለው ሕግ ለሚጥልብዎ ኃላፊነት ነው፤ በውል ፈቅደው የተሸከሙት ተጨማሪ ኃላፊነት በአብዛኛው ከሽፋን ውጭ ነው። «በማንኛውም ምክንያት» የሚለው ሐረግ የድርጅቱን የራሱን ሠራተኞች ጥፋት ጭምር ወደ እርስዎ ያመጣል። «በተቋራጩ ወይም በሠራተኞቹ ቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ጣሪያውም ከመድንዎ ጣሪያ ጋር እኩል ይሁን። ትልልቅ ድርጅቶች ይህን ለውጥ ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ፤ የማይጠየቁት አቅራቢው ስለሚፈራ ነው። ከመፈረምዎ በፊት ገጹን ለመድን ሰጪዎ ልከው በጽሑፍ መልስ ያግኙ።

አደጋው በደረሰ ዕለት

ጥያቄ፦ በሠራሁት ሥራ ሰው ቢጎዳ መጀመሪያ ምን ላድርግ? ይቅርታ ብጠይቅ መድኔን አጣለሁ የሚባለውስ?
የቧንቧ ሠራተኛ

መልስ፦ መጀመሪያ ሰውን ያድኑ፤ ውኃውን ወይም መብራቱን ያጥፉ፣ የተጎዳውን ሐኪም ጋ ያድርሱ። ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚያደርጉትን ሁሉ ውሉ ራሱ ይጠይቅዎታል።

ከዚያ ምንም ሳያነሱ ፎቶ ያንሱ፤ ከሩቅም ከቅርብም። የተሰበረውን መጋጠሚያ አይጣሉ። ንጹሕ ሰው ሁሉ ቦታውን ሊያጸዳ ይቸኩላል፤ ነገር ግን ያ ቁራጭ ጥፋቱ የእርስዎ ይሁን የፋብሪካው ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል። በላስቲክ አድርገው ቀንና ቦታ ጽፈውበት ያስቀምጡ። በቦታው የነበሩ ሰዎችን ስምና ስልክ ይያዙ። ለመድን ሰጪው በዚያው ቀን በስልክ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ያሳውቁ። ከጠበቃ ወይም ከፍርድ ቤት የሚመጣ ወረቀት ካለ ራስዎ መልስ ሳይሰጡ በዚያው ዕለት ያስተላልፉ፤ የመልስ መስጫው ቀን እየቆጠረ ነው።

ስለ ይቅርታው፦ ማዘንና ጥፋትን ማመን ይለያያሉ። «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ በጣም አዝኛለሁ» ማለት፣ ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ ሰውነት ነው፤ ማንም ሊከለክልዎ አይገባም። የሚከለከለው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሙሉውን እከፍላለሁ» ብሎ መፈረም ወይም በገዛ ፈቃድ ካሳ መስጠት ነው። ውሎቹ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነት እንዳያምኑና እንዳይስማሙ ይከለክላሉ። በሽማግሌ የሚያልቅ ቢሆን እንኳ ከመቀመጥዎ በፊት ያሳውቁት። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከሸጠልዎት ነጋዴ ጋርም «አልጠይቅህም» ብለው አይታረቁ፤ መድን ሰጪው ካሳውን ከከፈለ በኋላ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ያንን ነጋዴ የመጠየቅ መብት አለው፤ መብቱን ካጠፉበት ከእርስዎ ካሳ ሊቀንስ ይችላል።

እጄ ቢሰበርስ?

ጥያቄ፦ ሁላችሁም ስለ ሌላው ሰው ጉዳት ትጽፋላችሁ። የፀጉር ሠራተኛ ነኝ። እኔ ራሴ ታምሜ ሦስት ወር መሥራት ባልችል ማን ያኖረኛል?
ፀጉር ሠሪ

መልስ፦ ትክክል ነዎት፤ እስካሁን ከጠቀስናቸው አንዱም ለእርስዎ ሕመም አይከፍልም። የሚያስፈልግዎ የገቢ መተኪያ መድን ነው፤ በሌለበት ደግሞ የግል አደጋ መድን። የኋለኛው ርካሽ ነው፤ የሚከፍለው ግን ለአደጋ ብቻ ሆኖ ለሕመም አይሆንም። በእርስዎ ሥራ እጅን የሚያሳብጥ የቆዳ አለርጂና የእጅ አንጓ ሕመም ከስብራት ይልቅ የተለመዱ ስለሆኑ ልዩነቱን አይናቁት።

ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የመጠበቂያ ጊዜው፣ ማለትም ክፍያው እስኪጀምር የሚጠብቁት፣ 30፣ 90 ወይም 180 ቀን ሊሆን ይችላል፤ ሲረዝም አረቦኑ ይቀንሳል። በቁጠባዎ ስንት ቀን መኖር እንደሚችሉ ቆጥረው ይምረጡ፤ 40 ቀን ከሆነ የ90 ቀኑ ውል በመሀል 50 ቀን ያለ ገቢ ይተውዎታል። ሌላው «መሥራት አለመቻል» የሚለው ትርጉም ነው። «የራሱን ሙያ መሥራት ካልቻለ» የሚለው መቀስ መያዝ ካቃትዎ ይከፍላል፤ «ማንኛውንም ሥራ መሥራት ካልቻለ» የሚለው ግን ስልክ ማንሳት እስከቻሉ ድረስ ላይከፍል ይችላል።

ክፍያው ከገቢዎ በመቶኛ የሚሰላ ነው፤ ገቢው የሚረጋገጠው ደግሞ ለግብር ባሳወቁት ሰነድ ነው። በወር 20,000 እያገኙ 8,000 ብቻ ያሳወቁ ከሆነ፣ የ60 በመቶ ሽፋን የሚሰጥዎ 4,800 ነው።